የሚያይልኝ ሞልቷል፤ አብሮኝ የሚሠራ ከየት ላግኝ?

ጥቁር እርሳስ

ጤና ይስጥልኝ። ሠላሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያለሁ፣ በጥቁር ቀለም ብዕር የምሥል ሴት ነኝ። ሚሊኒያል የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከ1981 እስከ 1996 (እ.ኤ.አ.) የተወለደው ትውልድ ስለሆነ እዚህ መድረክ ላይ ብዙ እኩዮች እንዳሉኝ አምናለሁ። ጥያቄዬም በተለይ ለእነሱ ነው።

አሁን የያዝኩት ተከታታይ ሥዕል እጆች ላይ ነው። መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባ እጅ፣ የዛገ ብሎን የሚፈታ እጅ፣ ሕፃን የሚያጥብ እጅ፣ የተቀደደ ደብዳቤ የሚገጣጥም እጅ። ወረቀት ላይ ሠርቼ እጨርስና ስካን አድርጌ እለጥፋለሁ። ሰው ያየዋል፣ ልብ ይጫናል፣ ያልፋል። በዚህ ቅር አልተሰኘሁም፤ መታየቱ ያስደስተኛል። የጎደለኝ ሌላ ነገር ነው።

ሃያዎቹ ውስጥ እያለሁ ሥዕሎቼን የማወጣው ዴቪያንትአርት የሚባለው የሠዓሊዎች ድረ ገጽ ላይ ነበር። አንዲት የማላውቃት ሠዓሊ ከአንዱ እጅ ሥር “አውራ ጣቱ ከመዳፉ ሳይሆን ከአንጓው የበቀለ ይመስላል፤ ሥሩ ላይ ያለውን ሥጋ ወፈር አድርጊው” ብላ ጻፈችልኝ። አልበቃትም፤ ሥዕሌን አውርዳ አጥንቱ የት የት እንደሚሄድ በቀይ መስመር አሳይታ መልሳ ላከችው። ከዚያ በኋላ እሷ ንድፍ ትልካለች፣ እኔ ጥላውን እሠራለሁ። ቆይቶ ቀለም የሚዋጣለት ሦስተኛ ሰው ተጨመረ። አንድ ሥዕል በሦስታችን እጅ ያልፍ ነበር። አንዳችን የሌላውን መልክ አናውቅም፤ መስመሩን ግን የትም ብናየው አይጠፋንም ነበር።

ታዲያ ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር የት ነው ያለው? እናንተ የፈጠራ ሥራችሁን ስታካፍሉ ሥራ ይዞ የሚመለስ ሰው የምታገኙት እንዴት ነው? ተከታይ ስለማብዛት ምክር አልፈልግም፤ እሱን የሚያስተምር በየቦታው አለ።

ሁለተኛ ድምፅ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ገብቶኛል፤ ነገር ግን ያ ጊዜ አለፈ በሚለው አልስማማም። እኔ ዜማውን የምመራ ዘፋኝ አይደለሁም፤ ከሥር የሚሄደውን ሁለተኛ ድምፅ ነው የምዘፍነው። ብቻዬን ስትሰሚኝ ያላለቀ ነገር ነው የምመስለው። ስለዚህ አብሮ መሥራት ለእኔ ምርጫ ሆኖ አያውቅም።

በ2010 ኤሪክ ዊታከር የሚባለው አሜሪካዊ የሙዚቃ ደራሲ መዘምራን ሲመራ የሚያሳይ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ አወጣ። ከ12 አገሮች 185 ዘፋኞች የየድርሻቸውን በየቤታቸው ቀድተው ላኩ፤ ተገጣጥሞም አንድ መዘምራን ሆነ። ያኔ ይህን ሁሉ ቪዲዮ አንድ በአንድ ተቀምጦ የሚያቀናጅ ሰው ያስፈልግ ነበር። ወደ 2020 መጨረሻና 2021 መጀመሪያ ስንመጣ ደግሞ፣ አንድ ስኮትላንዳዊ ፖስተኛ የቆየ የመርከበኞች ዜማ ብቻውን ዘፍኖ ቲክቶክ ላይ ሲያወጣ፣ ዱዌት በሚባለው መሣሪያ አንዱ ወፍራም ድምፅ ጨመረበት፣ ሌላው በላዩ ላይ ደረበ፣ ሌላዋ ቫዮሊን ይዛ መጣች። መሀል ላይ የሚያቀናጅ ሰው አላስፈለገም። መሣሪያው ከድሮው ተሽሏል እንጂ አልጠፋም።

እኔ የታዘብኩት ሌላ ነው። ያ ፖስተኛ ሁሉንም ድምፅ ራሱ ሞልቶ፣ በስቱዲዮ አሳምሮ ቢያወጣው ኖሮ ሌላው ምኑን ይጨምርበት ነበር? ብቻውን ስለነበር ነው የተጠጉት። አንቺም የምትለጥፊው ያለቀለትን ሥዕል ነው። ያላለቀውን አውጪው። እጁን ሥለሽ የያዘውን ነገር ባዶ ተዪውና “ምን ልስጠው?” ብለሽ ጠይቂ።

ቀጂው

ሁለተኛ ድምፅ ያለው ትክክል ነው፤ ግን ግማሹን ነው የተናገረው። ያላለቀ ሥራ አውጥተሽ የሚያልፍበት ጎዳና ላይ ብትተዪው እንዳለቀው ሁሉ ይታለፋል። ወሳኙ የሰው ምላሽ የት ላይ እንደሚያርፍ ነው። ይህን በደንብ ላስረዳ፤ ብዙ ያሰብኩበት ነገር ስለሆነ ረዘም ቢል አትቀየሙኝ።

እኔ የምሰበስበው ድምፅ ነው። በር ሲጥ ሲል፣ ውሃ ቧንቧ ውስጥ ሲንቆረቆር፣ የልብስ ስፌት መኪና ሲሄድ እቀዳለሁ፤ ከዚያ ምት እሠራበታለሁ። ሳውንድክላውድ የሚባለውን የሙዚቃ ማካፈያ ድረ ገጽ የወደድኩት በአንድ ነገር ነው። ሙዚቃው በሞገድ መልክ ተዘርግቶ ይታያል፤ አስተያየት ስትጽፊ ደግሞ ጽሑፉ የሚቀመጠው ከሥር ተከምሮ ሳይሆን በሰማሽበት ሴኮንድ ላይ ነው። አንድ ደቂቃ ከ42 ሴኮንድ ላይ አንድ ሰው “እዚህ ጋ ውሃው ከበሮውን ቀደመው” ብሎ ጻፈልኝ። መልሼ ሰማሁት፤ እውነቱን ነው፣ በፀጉር ስንጥቅ ይቀድማል። “ግሩም ነው” ከሚሉ ብዙ አስተያየቶች ይልቅ ከዚያ ሰው ጋር ወዳጅነት ያበጀሁት በዚች አንዲት መስመር ነው። የፎቶ ማካፈያው ፍሊከርም በ2004 ከተጀመረ ወዲህ ተመሳሳይ ነገር ነበረው፤ የሌላ ሰው ፎቶ ላይ ትንሽ ሳጥን ሠርተሽ እዚያው ቦታ ላይ ማስታወሻ መጻፍ ይቻል ነበር። የአንቺ ሠዓሊ በቀይ መስመር ያደረገችው ይህንኑ ነው። ስለ አውራ ጣቱ ሥር ነው የነገረችሽ። ስለ ሥዕሉ በጥቅሉ ብትነግርሽ ኖሮ አመስግነሻት ታልፊ ነበር።

አሁን ያሉት ትልልቅ መተግበሪያዎች ለዚህ አልተሠሩም። ኢንስታግራም እስከ 2016 ድረስ የምታዪውን የሚደረድርልሽ በጊዜ ቅደም ተከተል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አልጎሪዝሙ ነው የሚመርጠው። በ2022 የጊዜ ቅደም ተከተሉን እንደ አማራጭ መልሰውታል፤ ሆኖም አማራጩን ፈልጎ የሚከፍተው ጥቂት ሰው ነው ባይ ነኝ። የማታ ማታ የዛሬ ሥራሽን አይቶ የነገውን የሚጠብቅ ሰው ማግኘት ከበደ። ቀይ መስመር ለማስመር ደግሞ ሰውየው ትናንት ምን እንደሠራሽ ማወቅ አለበት።

ስለዚህ እኛ ያደረግነውን ልንገርሽ። ዲስኮርድ የሚባለው የቡድን መወያያ መተግበሪያ ላይ አንዲት የተዘጋች ክፍል አለችን። ከአሥር ሰው አንበልጥም፤ ሁሉም የእኛ ዕድሜ ነው፤ አብዛኞቻችን ቀን ሌላ ሥራ አለን። በወሩ መጀመሪያ ተረኛው አንድ ጥሬ ድምፅ ያስገባል። ባለፈው የብርጭቆ ጠርዝ በእርጥብ ጣት ሲታሽ የሚወጣው ድምፅ ነበር። ሁላችንም ከዚያ ድምፅ ብቻ ነው የምንሠራው፤ ሌላ መጨመር ክልክል ነው። መቁረጥ፣ ማዘግየት፣ መገልበጥ፣ ማውረድ ይፈቀዳል። ወሩ ሲያልቅ ሁላችንም በአንድ ሰዓት እንጭናለን፤ ከዚያ በፊት ማንም የማንንም አይሰማም። ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ ነው የሚጣፍጠው። ከአንድ የብርጭቆ ድምፅ አንዷ ወፍራም ከበሮ አወጣች፣ እኔ ደግሞ የነፋስ ድምፅ የሚመስል ነገር አገኘሁ። “እንዴት አደረግሽው?” ሳትል አታልፊም። አስተያየት ስጡ ብሎ መለመን አያስፈልግም፤ ሁሉም በዚያው ድምፅ ሲታገል ስለከረመ የሚጠይቀው አለው።

ሌላው ቁም ነገር የምንለዋወጠው የፋይል ዓይነት ነው። የተቀላቀለውን ሙዚቃ ብቻ ብሰጥሽ ልትሰሚው እንጂ ልትነኪው አትችዪም። ስለዚህ ከበሮውን ለብቻ፣ ባሱን ለብቻ፣ ዜማውን ለብቻ በዋቭ ፋይል እናወጣለን። ሁሉም ከዜሮ ሴኮንድ እንዲጀምሩ እናደርጋለን፤ ዜማው የሚገባው ግማሽ ላይ ቢሆን እንኳ ፊቱ ያለው ዝምታ አብሮ ይወጣል። ያኔ ሌላው ሰው ፋይሎቹን ፕሮግራሙ ላይ ሲያስቀምጣቸው ያለ ልኬት ልክክ ይላሉ። በፋይሉ ስም ላይ ፍጥነቱን (ለምሳሌ 92 ቢፒኤም፣ ማለትም በደቂቃ 92 ምት) እና ቅኝቱን እንጽፋለን። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ማታ ደክሞት የመጣ ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ መጀመር ካልቻለ አይጀምረውም።

ለአንቺ ሲመነዘር፦ መስመሩን ስካን ስታደርጊ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) አድርጊው፤ ነጩን ወረቀት አውጥተሽ መስመሩ ብቻውን ግልጽ ሌየር (በሥዕል ፕሮግራም ውስጥ እንደ መስታወት የሚደራረብ ንጣፍ) ላይ ይቀመጥ። ጥላው በሌላ ሌየር ይሁን። ቀለም የሚቀባው ሰው ከመስመሩ ሥር ገብቶ እንዲሠራ መንገድ ትከፍችለታለሽ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የሠራችሁትን ሁሉ በራሳችሁ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ማይስፔስ የሚባለው ማኅበራዊ ድረ ገጽ ሰርቨሮቹን (ፋይሎቹ የተቀመጡባቸውን ኮምፒውተሮች) ሲያዘዋውር ከ2016 በፊት የተጫነው ሙዚቃ መጥፋቱ በ2019 ተሰምቷል። የእኛ ትውልድ የመጀመሪያ ቅጂዎች፣ መኝታ ቤት ውስጥ በርካሽ ማይክ የተቀዱት፣ ብዙዎቹ እዚያ ነበሩ። የድሮ ድረ ገጾችን የሚያስቀምጠው ኢንተርኔት አርካይቭ ወደ 490,000 የሚጠጉ ዘፈኖችን አግኝቶ አትርፏል፤ የቀረው ግን ሄዷል። ያሁ በ2009 ሰው የራሱን ገጽ በነፃ ይሠራበት የነበረውን ጂኦሲቲስን ሲዘጋም በፈቃደኞች ርብርብ ነው ብዙው ገጽ የተረፈው። ከሰው ጋር የሠራችሁትን ደግሞ ሁላችሁም ጋ አንዳንድ ቅጂ ይኑር።

ክርና መርፌ

እኔ ሹራብ ነው የምሠራው፤ ከእናንተ ጥበብ ጋር ይራራቅ ይሆናል ግን መልሱ አንድ ነው። ራቨልሪ የሚባለው የሹራብና የኪሮሽ ሠሪዎች ድረ ገጽ ከ2007 ጀምሮ አለ። አንድ ሰው ንድፍ ያወጣል፤ በዚያ ንድፍ የሠራ ሁሉ የራሱን ገጽ ከንድፉ ጋር ያያይዛል። በየትኛው ክር፣ በስንት ቁጥር መርፌ፣ የት ላይ ለውጥ እንዳደረገ ይጽፋል። አንዱን ንድፍ ስከፍት የሠሩትን ሰዎች ሁሉ አያለሁ። እጅጌው ላይ የተቸገርኩ ጊዜ ያንኑ እጅጌ ያሳጠረች ሴት አገኘሁና ጻፍኩላት። አሁን ንድፎቿን ከመውጣታቸው በፊት ሠርቼ የምፈትሽላት እኔ ነኝ፤ የት ጋ ቁጥሩ እንደሚዛነፍ ምልክት አድርጌ እልክላታለሁ።

ስለዚህ ጥቁር እርሳስ፣ ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም ስጪ። እጅ እንዴት እንደምትጀምሪ፣ የትኛውን መስመር መጀመሪያ እንደምታሳርፊ። ሌላው ሞክሮ የራሱን እጅ ይዞልሽ ይመጣል።

ጥቁር እርሳስ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ከልቤ ነው። ቀጂው፣ ስለ ፋይሉ ያልከውን አንብቤ ሳልጨርስ ነው ስካነሩን የከፈትኩት። ኢንክቶበር ላይ በየዓመቱ እሳተፋለሁ፤ በጥቅምት (በፈረንጆቹ ኦክቶበር) 31 ቀን 31 ሥዕል በቀለም ብዕር ማለት ነው፤ ጄክ ፓርከር የሚባል ሠዓሊ በ2009 የጀመረው። ርዕሱ ለሁሉም አንድ ስለሆነ ያንተን ወር ይመስላል። ግን በጣም ብዙ ሰው ስለሆነ የማን ሥዕል እንዳየሁ እንኳ አላስታውስም። አሥር ሰው ያልከው ለካ ትልቁ ነገር ነው።

አንድ የሚያስፈራኝ ግን አለ። መስመሩን ለብቻው አውጥቼ ከሰጠሁ፣ አንዱ ወስዶ ያለ ስሜ ቢሸጠውስ? እናንተ ይህን እንዴት ነው የምታደርጉት?

ቀጂው

ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባሉትን፣ ሌላው ሥራሽን በምን ሁኔታ እንደሚጠቀምበት የምትወስኚባቸውን ፈቃዶች ተመልከቻቸው፤ የመጀመሪያዎቹ የወጡት በ2002 ነው፤ በነፃ ነው የምትጠቀሚባቸው። በቀላሉ ስሜን ጥቀስ የሚል አለ። ስሜን ጥቀስ፣ የሠራኸውንም በዚሁ ፈቃድ አካፍል የሚል አለ። ለንግድ አታውለው የሚል አለ። ለውጠህ አታሰራጭ የሚልም አለ፤ ይኼኛውን አንቺ አትምረጪው፤ ብዙ ሰው ጥንቃቄ መስሎት ይመርጠውና ቀለም የቀባለት ሰው ሥራውን ማውጣት አይችልም። ለአንቺ የሚስማማሽ ስም የሚያስጠቅሰው፣ ንግድ የሚከለክለውና በዚያው ፈቃድ አካፍል የሚለው ሦስቱ አንድ ላይ ያሉበት ይመስለኛል። የሁላችንም ስም በዚያ ሰንሰለት እየተያያዘ ይሄዳል።

ሁለት ነገር እወቂ። አንዴ የሰጠሽውን ፈቃድ መሻር አይቻልም፤ ሐሳብሽን ቀይረሽ ሥዕሉን ብታወርጂውም የወሰደው ሰው ፈቃዱ ይጸናለታል። ደግሞ በ2013 በወጣው 4.0 በሚባለው የፈቃዶቹ ቅጂ ላይ፣ ስም ሳይጠቅስ የተገኘ ሰው ጥፋቱን ባወቀ በ30 ቀን ውስጥ ካረመ ፈቃዱ ይመለስለታል። እኔ ይኼን ድንጋጌ እወደዋለሁ፤ አብዛኛው ሰው ሳያውቅ ነው የሚያጠፋው፣ በጨዋነት ስትነግሪው ያርማል።

ሌባውን ፈቃድ አያስቆመውም፤ ይህን ልደብቅሽ አልችልም። ስለዚህ እኛ ለሁሉም ክፍት የምናደርገው የተጨመቀውን ቅጂ ነው። የተነጣጠሉት ፋይሎች ለጠየቀ ሰው በእጅ ይላካሉ። መጠየቁ ራሱ ይጠቅማል፤ ማን ምን ሊሠራበት እንዳሰበ አስቀድሞ ይነግርሻል።

ዘጠነኛው ገጽ

ዘግይቼ ነው የገባሁት። እኔ አጫጭር ልብ ወለድ እጽፋለሁ፤ ያደግሁት አንባቢዎች ለሚወዷቸው ታሪኮች ተቀጥላ በሚጽፉበት ዓለም ነው። እንዲህ ያሉ ታሪኮች የሚወጡበት አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን የሚባለው ድረ ገጽ ከ2009 ጀምሮ ክፍት ነው፤ ማስታወቂያ የለውም፣ የሚያስተዳድሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ በ2019 በሳይንስ ልብ ወለድ ዓለም የሚታወቀውን የሁጎ ሽልማት አግኝቷል። የሽልማቱ ቀን ያለቀስኩት ብቻዬን እንዳልሆነ አውቃለሁ። እዚያ አንባቢ የሚመልሰው በየምዕራፉ ሥር ነው፤ አንዳንዱ የወደደውን ዓረፍተ ነገር ቆርጦ አምጥቶ ከሥሩ ይጽፍበታል። ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ቤታ የምንለው ሰው ያነብልናል። የእኔ ቤታ “ይህ ሰው ሦስት አንቀጽ ሙሉ ቆሟል፤ መቼ ተቀመጠ?” ብላ ጽፋልኝ ታውቃለች። እንዲህ ያለ ሰው ያለው ደራሲ ምን ይጎድልበታል።

ጥቁር እርሳስ፣ የተቀደደ ደብዳቤ የሚገጣጥመውን እጅ ማየት እፈልጋለሁ። ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ልጻፍልሽ? የሚነበበው ግን ከተገጣጠመው ቁራጭ ላይ ያለው ብቻ ይሆናል፤ ቃላቱ መሀል ላይ ይቆረጣሉ። ስንት ቁራጭ እንደሆነና የትኛው ጠርዝ ከየትኛው እንደሚገጥም ካሳየሽኝ ልኩን ጠብቄ እሠራዋለሁ።

ጥቁር እርሳስ

እንዴ፣ በደስታ ነዋ! ሰባት ቁራጭ ነው፤ አምስቱ ተገጥመዋል፣ አንዱ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ተይዟል፣ አንዱ ጠረጴዛው ላይ በጀርባው ተገልብጧል። የተገለበጠው ላይ ምንም እንዳትጽፍ፤ የሌላውን ግን እንደፈቀድክ። ቀለበት ጣቱ ከሥሩ የሸፈነው መስመር አለ፣ እሱን ፋይሉ ላይ በግራጫ አመልክቼልሃለሁ።

የወረቀቱን ጠርዞች ለብቻ ሌየር ላይ አወጣኋቸው፤ በ600 ዲፒአይ፣ ልክ ቀጂው እንዳለው። የፋይሉ ስም ላይ “ደብዳቤ፣ መስመር ብቻ፣ ጥላ የሌለው” ብዬ ጽፌበታለሁ። ጽሑፉን ስትልክልኝ በእጅ ጽሕፈት እገለብጠዋለሁ፤ የጻፈው ሰው ቸኩሎ ነበር ወይስ ረጋ ብሎ ነው የጻፈው የሚለውን ብቻ ንገረኝ፣ ፊደሉን እንደዚያ አደርገዋለሁ።

ቀጂው፣ ወረቀት ሲቀደድ የሚወጣውን ድምፅ ለሚቀጥለው ወራችሁ ላስገባልህ? ለዚህ ሥዕል የቀደድኩት ወረቀት ወፍራም ነበር፤ ሲቀደድ በሁለት ደረጃ ነው የሚጮኸው፣ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ከዚያ በአንዴ። ስልኬን አጠገቡ አድርጌ ቀድቼዋለሁ። ቀለም የሚቀባም ካለ ብሎኑን የሚፈታው እጅ ዝግጁ ነው፤ ዝገቱን ሆን ብዬ ባዶ ትቼዋለሁ፣ በግል ጻፉልኝና እልካለሁ።